አይሮፕላን ከተነሣ በኋላ ደጋግሞ የሚመለስ ብልሽት

በአንድ የነሐሴ እሑድ ከቀትር በኋላ በቆቦ ከተማ ዳር ካለች አንዲት ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጠን ነበር። በስተ ምዕራብ የላስታ ተራሮች ደመና ተከናንበው ይታያሉ፤ በስተ ምሥራቅ የዞብል ተራራ ጥርት ብሎ ቆሟል፤ በመካከል ያለው ሰፊ ሜዳ ሁሉ ማሽላ ነው። የራያን ቆላ በግንቦት ሐሩር ብቻ ያየ ሰው ይኸው መሬት በነሐሴ እንዲህ ይለመልማል ቢሉት አያምንም። ከእኛ ጋራ የነበሩት ለዕረፍት ወደ ወላጆቹ የመጣ አንድ የምህንድስና ተማሪ፥ በአካባቢው በእርሻ ሥራ የተመደበ አንድ ወጣት የመንግሥት ሠራተኛና የሻይ ቤቷ ባለቤት አባት የሆኑ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ነበሩ።

ጨዋታው ስለ ማሽላው ሳለ ከደመናው በላይ የአይሮፕላን ድምፅ ተሰማ። ተማሪው ቀና ብሎ «ወደ መቀሌ የሚሄደው ይሆናል» አለ። ሽማግሌው ግን ለማየት አልሞከሩም፤ ብርጭቆአቸውን አስቀምጠው «መኪና ቢበላሽ ዳር ይዞ ይቆማል፤ በቅሎም ብታነክስ ወርደህ ትስባታለህ፤ ይህ ግን ሰማይ ላይ ሳለ ቢበላሽ ምን ይደረጋል?» ብለው ጠየቁ።

«አባባ፥ እኔንም የሚከነክነኝ ይኸው ነው» አላቸው ተማሪው። «በ2011 ዓ.ም. የወደቀው የበረራ ቁጥር 302 አብራሪዎች አድርጉ የተባሉትን አድርገው ነበር ይባላል። የተበላሸውን ነገር ማጥፊያውን አጥፍተውታል። ታዲያ ካጠፉት በኋላ እንዴት ወደቁ?»

እኛም የምናውቀውን ያህል ለመመለስ ሞከርን፤ ነገር ግን መልሳችን ግማሽ መልስ እንደ ነበረ ለራሳችንም ታውቆን ነበር። ከተመለስን በኋላ የኢትዮጵያና የኢንዶኔዥያ የአደጋ መርማሪዎች ያወጡትን ሪፖርት ገልጠን አነበብን። የዛሬው ጽሑፋችን ለዚያ ተማሪ ሳንመልስለት የቀረነው ግማሽ ነው።

ወደ ነገሩ ከመግባታችን በፊት ግን በዚያው ቀን ያየነውን አንድ ነገር እንናገር፤ በኋላ ይጠቅመናል። በራያ ቆላ ገበሬው ዝናብ ብቻ ጠብቆ አያርስም። በክረምት ከምዕራቡ ደጋ እየተንደረደረ የሚወርደውን ጎርፍ በድንጋይ፥ በቅርንጫፍና በአፈር እየጠለፈ ወደ ማሳው ያስገባዋል። ጎርፉ በልክ ሲገባ ሲሳይ ነው፤ ከልክ ሲያልፍ ግን መሬቱን ቦርቡሮ ይሄዳል። በዚያን ዕለት ዐሥር ሰዓት ገደማ ጎርፍ መውረዱ ተሰማና ሁላችንም ተነሥተን ወደ ሽማግሌው ማሳ ሄድን። ስንደርስ ውሃው ጎድሏል፤ ግን በማሳው አፍ ላይ የሰው ወገብ የሚያህል ጉድጓድ ከፍቶ ነበር። ጎረምሶቹ አፉን ዘግተው ወደ ቤታቸው ለመሄድ ሲጣደፉ ሽማግሌው ተቈጡ። «አፉን መዝጋት የዛሬውን ውሃ ያስቀራል እንጂ ጉድጓዱን አይሞላውም። መጀመሪያ ጉድጓዱን ሙሉ! የነገው ጎርፍ አፉን ጥሶ የገባ እንደ ሆነ የሚጀምረው ከሜዳው አይደለም፤ ዛሬ ከተወው ከጉድጓዱ ሥር ነው» አሉ። ጎረምሶቹም እያጉረመረሙ አፈር መሸከም ጀመሩ።

አሁን ወደ አይሮፕላኑ እንመለስ።

አይሮፕላን አፍንጫውን ወደ ላይ ወይም ወደ ታች የሚያዞረው በጅራቱ ነው። በጅራቱ ላይ አግድም የተዘረጋ ትልቅ ክንፍ አለ፤ በዚህ ክንፍ የኋላ ጠርዝ ደግሞ በማጠፊያ የተያያዘ ትንሽ ሳንቃ አለ። አብራሪው መሪውን ወደ ደረቱ ሲስብ ወይም ወደ ፊት ሲገፋ የሚንቀሳቀሰው ትንሹ ሳንቃ ነው። ትልቁን የጅራት ክንፍ የሚያንቀሳቅሰው ግን አንድ ረጅም ብሎን ሲሆን ብሎኑን የሚያዞረው የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። አብራሪው በመሪው ላይ ያለውን ቁልፍ በአውራ ጣቱ እየተጫነ ሞተሩን ያዘዋል፤ ይህንንም ሥራ አብራሪዎች ትሪም ይሉታል። የሞተሩ ኃይል ቢቋረጥ በሁለቱ አብራሪዎች ጉልበት አጠገብ ከሚገኘው መንኰራኵር ላይ እጀታ አውጥቶ በእጅ ማዞር ይቻላል።

በቅሎ የጫነ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸግረውም። ትንሹ ሳንቃ እንደ ልጓም ነው፤ ትልቁ ክንፍ እንደ ጭነቱ ሚዛን ነው። ጭነቱ ተስተካክሎ ከተቀመጠ ልጓሙን በሁለት ጣት መያዝ ይበቃል፤ ጭነቱ ወደ አንገቷ ካጋደለ ግን ልጓሙን በሁለት እጅ ቢስቡትም በቅሎይቱ አንገቷን ከመድፋት አትመለስም።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያውን በረራ ወደ ካይሮ ሲያደርግ፥ በዚያ ዘመን የነበረው አይሮፕላን ትሪም በሽቦ የተሳበ፥ በአብራሪው እጅ ብቻ የሚዞር መንኰራኵር ነበረ። እጅ ካላዞረው አይዞርም። በዚህ በኩል የድሮው አብራሪ ከዛሬው ይልቅ ብዙ ድካም ነበረበት፤ ነገር ግን ጅራቱን ያንቀሳቀሰው ማን እንደ ሆነ ጠይቆ አያውቅም።

ቦይንግ 737 የተባለው አይሮፕላን መጀመሪያ የበረረው በ1959 ዓ.ም. ነው። ከ50 ዓመት በኋላ ማክስ የተባለው ዐዲሱ ዓይነት ለመንገደኞች አገልግሎት ሲወጣ ነዳጅ የሚቈጥቡ ትልልቅ ሞተሮች ተገጠሙለት። የአይሮፕላኑ አካል ለመሬት ቅርብ ስለ ሆነ ሞተሮቹ ከቀድሞው ይልቅ ወደ ፊትና ወደ ላይ ፈቀቅ ተደርገው ተሰቀሉ። በዚህም ምክንያት አፍንጫው ከመጠን በላይ ቀና ባለ ጊዜ የሞተሮቹ ልባስ ራሱ እንደ ክንፍ እየሆነ ይበልጥ ወደ ላይ ይገፋው ጀመር። ይህን ለማረም ተብሎ ኤምካስ የሚባል የኮምፒዩተር ሥርዓት ተሠራ።

የኤምካስ ሥራ አጭር ነው። በአይሮፕላኑ አፍንጫ ግራና ቀኝ ነፋሱ በየት በኩል እንደሚመጣ የሚጠቁሙ ሁለት ትንንሽ ክንፎች አሉ። ኤምካስ ከሁለቱ የአንዱን ብቻ ቃል ይሰማል። ያ አንዱ «አፍንጫው ከልክ በላይ ቀና ብሏል» ያለ እንደ ሆነ ኤምካስ አብራሪውን ሳይጠይቅ የጅራቱን ትልቅ ክንፍ ያዞርና አፍንጫውን ወደ ታች ይደፋል። መጀመሪያ ሲታሰብ በአንድ ጊዜ የሚያዞረው 0.6 ዲግሪ ብቻ ነበረ፤ በኋላ ግን 2.5 ዲግሪ ተደረገ። ይህንንም 10 ሰከንድ በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ይፈጽመዋል። አብራሪው በአውራ ጣቱ ቁልፉን ቢጫን ኤምካስ ያቆማል፤ አብራሪው ጣቱን ካነሣ ከ5 ሰከንድ በኋላ ግን ጠቋሚው አሁንም ያንኑ የሚል ከሆነ ምንም እንዳልተደረገ ሁሉ እንደ ገና ከመጀመሪያው ይጀምራል። ይህ የሚሆነው ለመነሻና ለማረፊያ ከክንፉ የሚዘረጋው ፍላፕ ከተሰበሰበና አውቶፓይለቱ ከጠፋ በኋላ ብቻ ነው። ስለዚህ ብልሽቱ በመሬት ላይ አይታይም፤ ብቅ የሚለው ከተነሡ ከአንድና ከሁለት ደቂቃ በኋላ፥ አብራሪዎቹ ሥራ በሚበዛባቸው ሰዓት ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን በአብራሪዎች መጽሐፍ ውስጥ ስለ ኤምካስ አሠራር አልተገለጸላቸውም ነበር። ስሙን እንኳ ሳያውቁት ይበሩ ነበር።

የመጀመሪያው አደጋ የደረሰው በኢንዶኔዥያ ነው። ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም. ላየን ኤር የተባለው ኩባንያ አይሮፕላን ከጃካርታ በተነሣ በ13 ደቂቃ ገደማ በጃቫ ባሕር ወድቆ 189 ሰዎች አለቁ። የሚገርመው ግን ከዚያ በፊት በነበረው ምሽት የሆነው ነገር ነው። ያው አይሮፕላን ጥቅምት 18 ቀን ከባሊ ደሴት ወደ ጃካርታ በረረ። በዚያው ቀን የግራው ነፋስ ጠቋሚ በሌላ ተተክቶ ነበር፤ የተተካው ግን 21 ዲግሪ ያህል አሳስቶ የሚናገር ነበረ። አይሮፕላኑ እንደ ተነሣ የአለቃው መሪ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ይህም አይሮፕላኑ ሊወድቅ ነው የሚል ማስጠንቀቂያ ነው። አፍንጫውም ደጋግሞ ወደ ታች ይሳብ ነበር። በዚያ ምሽት ከሁለቱ አብራሪዎች ሌላ በሦስተኛው መቀመጫ የተቀመጠ አንድ አብራሪ ነበረና ነገሩን አብሯቸው ተመለከተ። አለቃው ለትሪሙ ሞተር ኃይል የሚሰጡትን ማጥፊያዎች አጠፋቸው። ቈይቶ መልሶ ቢያበራቸው ብልሽቱ ተመለሰ፤ እንደ ገና አጠፋቸው፤ ከዚያ በኋላ ጃካርታ እስኪደርስ ድረስ አላበራቸውም። መንኰራኵሩን በእጅ እያዞሩ በሰላም አረፉ።

እንግዲህ መፍትሔው በዚያች ምሽት ተገኝቶ ነበር ማለት ነው። ነገር ግን አለቃው በአይሮፕላኑ የብልሽት መዝገብ ላይ የጻፈው የፍጥነትና የከፍታ መለኪያዎች እንዳልተስማሙና አንድ የማስጠንቀቂያ መብራት እንደ በራ ነው። መሪው እንደ ተንቀጠቀጠና የትሪሙን ኃይል ቈርጦ እንደ መጣ አልጻፈም። የጥገና ሠራተኞች የተጻፈውን አዩ፤ የተጻፈውን አጸዱና ሞከሩ፤ አይሮፕላኑ በማግሥቱ ጧት ሌሎች አብራሪዎችን ይዞ ተነሣ። የማግሥቱ አለቃ ከ20 ጊዜ በላይ በአውራ ጣቱ እየተጫነ አፍንጫውን መለሰው። በኋላ መሪውን ለረዳቱ አስረከበ፤ ረዳቱ የሚመልሰው ግን ከሚወሰድበት ያነሰ ነበር።

እዚህ ላይ ከራሳችን ያየነውን አንድ ትንሽ ነገር ጣልቃ ለማስገባት ይፈቀድልን። በቆቦ ጊራና ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ በፓምፕ እያወጡ ማልማት ከተጀመረ ብዙ ዓመታት ሆነው፤ የፓምፕ ነገር ለዚያ አገር ሰው እንግዳ አይደለም። ከዓመታት በፊት እኛ በምናውቀው አንድ ሌላ ቦታ የውሃ ፓምፕ በየሌሊቱ በራሱ ይጠፋ ነበር። የሌሊቱ ዘበኛ ቀዩን ቁልፍ ተጭኖ ያስነሣውና ጧት ለተረኛው «ደኅና ነው» ብሎ ያስረክባል። እውነቱን ነው፤ ሲያስረክብ ደኅና ነበር። ቁልፉ የሚዘለው ሞተሩ ከልክ በላይ ስለሚግል እንደ ሆነ የታወቀው ሞተሩ ተቃጥሎ ከወጣ በኋላ ነው። መዝገቡ ቢገለጥ የሁለት ወር ገጹ ሁሉ «ደኅና» የሚል ብቻ ነበር። ዘበኛውን ማንም አልወቀሰውም፤ ስንት ጊዜ እንደ ተጫነ ጻፍ ብሎ ያዘዘው አልነበረምና።

ከኢንዶኔዥያው አደጋ በኋላ ጥቅምት 28 ቀን 2011 ዓ.ም. የአሜሪካ የበረራ ባለሥልጣን ለማክስ አብራሪዎች አስቸኳይ ትእዛዝ አወጣ፤ ቦይንግም ቀደም ብሎ መግለጫ ልኮ ነበር። መግለጫው ጠቋሚው ከተሳሳተ የጅራቱ ክንፍ በራሱ ሊዞር እንደሚችል፥ አብራሪው ቁልፉን ከለቀቀም ከ5 ሰከንድ በኋላ እንደሚመለስ ይናገራል፤ መድኃኒቱም ሁለቱን ማጥፊያዎች ማጥፋትና እስከ ማረፊያ ድረስ እንደ ጠፉ መተው ነው ይላል። ከዚህ ጋራ በማስታወሻ መልክ፥ ከማጥፋት በፊት በኤሌክትሪኩ ትሪም የመሪውን ክብደት ማቅለል ይቻላል የሚል አንድ ቃል አለ። አንባብያን ይህን «ይቻላል» የሚለውን ቃል እንዲያስታውሱልን እንለምናለን። በቢሮ ተቀምጦ የመምሪያ ደብዳቤ የሚያረቅ ሰው «ይቻላል»ና «ይገባል» በሚሉት ቃላት መካከል ብዙ ልዩነት ላይታየው ይችላል።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. እሑድ ነበር። ወደ ናይሮቢ የሚሄደው የበረራ ቁጥር 302 ከጧቱ በ2 ሰዓት ከ38 ደቂቃ ከቦሌ ተነሣ። አይሮፕላኑ አየር መንገዱ ከተረከበው አራት ወር ቢሆነው ነው። አለቃው ያሬድ ጌታቸው የ29 ዓመት ሰው ሲሆን ከ8 ሺህ ሰዓት በላይ በርሯል፤ ረዳቱ አሕመድ ኑር መሐመድ የ25 ዓመት ወጣት ሲሆን 361 ሰዓት የበረረ ነበር። መንገደኞቹ 149፥ የአይሮፕላኑ ሠራተኞች 8 ነበሩ።

አይሮፕላኑ ከመሬት እንደ ለቀቀ ሁለቱ ነፋስ ጠቋሚዎች ተለያዩ። የቀኙ 15 ዲግሪ ያህል ሲል የግራው 74.5 ዲግሪ አለ። 74.5 ዲግሪ ማለት አይሮፕላኑ ቀጥ ብሎ ሊቆም ምንም አልቀረውም ማለት ነው፤ የትምህርት ቤት ልጅ እንኳ ሐሰት መሆኑን ያውቃል። ኮምፒዩተሩ ግን አመነ። የአለቃው መሪ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ እስከ መጨረሻውም አላቋረጠም ለማለት ይቻላል። የግራና የቀኝ የፍጥነት መለኪያዎችም ተለያዩ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በቁጥር ብንከተለው ይሻላል። የጅራቱ ክንፍ አቀማመጥ በአብራሪዎቹ ክፍል ውስጥ በቁጥር ይነበባል፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን አፍንጫው ወደ ታች ይከብዳል። ኤምካስ ከመጀመሩ በፊት 4.6 ላይ ነበር። ፍላፑ ተሰብስቦ አውቶፓይለቱም ከጠፋ በኋላ፥ በ2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ፥ ኤምካስ 9 ሰከንድ ያህል አዞረውና 2.1 አደረሰው። አለቃው በአውራ ጣቱ ወደ 2.4 መለሰው። ማለት 2.5 ተወሰደበት፤ እሱ የመለሰው 0.3 ነው። ቁልፉን በለቀቀ በ5ኛው ሰከንድ ኤምካስ ተመለሰ። በዚህ ጊዜ የጀመረው ከ4.6 አይደለም፤ ከ2.4 ነው። 0.4 ድረስ አወረደው። አለቃው ረዳቱ አብሮት እንዲጫን ነገረውና ወደ 2.3 መለሱት። ወዲያው ረዳቱ የትሪሙ ኃይል ይቈረጥ ብሎ ሁለት ጊዜ ተናገረ፤ አለቃው ተስማማ፤ ማጥፊያዎቹ ጠፉ። ከመጀመሪያው ጥቃት እስከዚህ ድረስ የፈጀው ከ40 ሰከንድ አይበልጥም። የ361 ሰዓቱ ወጣት፥ መሪ እየተንቀጠቀጠ፥ መለኪያዎች እየተጣሉ፥ ብልሽቱን ለይቶ ስሙን ጠራው። እኛ ይህን ስናነብ ዐይናችንን ከገጹ ለማንሣት ተገደን ነበር።

ሦስተኛው የኤምካስ ትእዛዝ ሲመጣ ሞተሩ ኃይል አልነበረውምና ጅራቱ አልተንቀሳቀሰም። ተማሪው «አጥፍተውታል» ያለው ይህን ነው፤ እውነቱንም ነው።

ነገር ግን ያጠፉት ቁጥሩ 2.3 ላይ ሳለ ነበረ። አፉ ተዘጋ፤ ጉድጓዱ ግን እንዳለ ነው። ትልቁ የጅራት ክንፍ አፍንጫውን ወደ ታች እየከበደ በዚያው እንደ ተቀመጠ ሁለቱ ሰዎች መሪውን ወደ ደረታቸው በጉልበታቸው ይስቡ ነበር። በ2 ሰዓት ከ41 ደቂቃ ከ46 ሰከንድ አለቃው ትሪሙ ይሠራ እንደ ሆነ ጠየቀ። ረዳቱ እንደማይሠራ ነግሮ በእጅ ልሞክር አለ፤ ሞክር ተባለ፤ ሞከረና አልሆነም አለ።

ያልሆነበት ምክንያት ይህ ነው። መሪውን አጥብቀው ሲስቡ ትንሹ ሳንቃ ከትልቁ ክንፍ ጋራ በተቃራኒ ይቆማል፤ ያንን የሚገፋው ነፋስ ሁሉ በብሎኑ ላይ ይጫናል። ፍጥነት በጨመረ ቍጥር ጭነቱ ይብሳል። ሞተሮቹ በመነሻው ኃይል ላይ እንደ ነበሩ ስላልተቀነሱ ፍጥነቱ ከተፈቀደው 340 ኖት፥ ማለት በሰዓት 630 ኪሎ ሜትር ያህል፥ አለፈ። በዚህ ጊዜ መንኰራኵሩን በሰው ክንድ ማዞር ግንብ እንደ መግፋት ነው። በቀድሞዎቹ 737ዎች መጻሕፍት ውስጥ ለዚህ የሚሆን አንድ ዘዴ ተጽፎ ነበር፤ መሪውን ለጊዜው ለቀቅ አድርጎ አፍንጫው ሲወርድ፥ ብሎኑ በቀለለበት ቅጽበት መንኰራኵሩን ማዞር፥ ከዚያ እንደ ገና መሳብ ነው። ዘዴው በኋለኞቹ መጻሕፍት ቀረ። ባይቀርም ኖሮ የሚወርዱበት ከፍታ ይጠይቃል፤ እነሱ ደግሞ ከታች ካለው ደጋ በላይ የነበሩት 2 ሺህ ሜትር ያህል ብቻ ነው።

በ2 ሰዓት ከ43 ደቂቃ አለቃው አብረን እንሳብ አለ። በእጅ የሚሆን አልሆነም፤ የቀረው የኤሌክትሪኩ ሞተር ነው። በመመዝገቢያው ላይ ሁለት አጫጭር የአውራ ጣት ትእዛዞች ይታያሉ፤ ጅራቱም ከ2.1 ወደ 2.3 ተንቀሳቀሰ፤ ስለዚህ ኃይሉ ተመልሶ ነበር ማለት ነው። ኃይሉ ለእነሱ ሲመለስ ለኤምካስም ተመለሰ። ከ5 ሰከንድ በኋላ ጅራቱ ወደ 1.0 ተጣለ። ከዚያ በኋላ መዝገቡ የቈየው ከ20 ሰከንድ በታች ነው። አይሮፕላኑ ከአዲስ አበባ ወደ 50 ኪሎ ሜትር ርቆ፥ በጊምቢቹ ወረዳ በእጀሬ አቅራቢያ ባለ የእርሻ መሬት ላይ ወደቀ። ከ157ቱ የተረፈ የለም።

እንግዲህ ለተማሪው የምንመልስለት ይህ ነው። አብራሪዎቹ የታዘዘውን አድርገዋል፤ ትእዛዙ ግን ከሁሉ የሚቀድመውን ነገር በማስታወሻ አስቀምጦት ነበር። ደጋግሞ የሚመለስ ብልሽት አንድ ጊዜ ደርሶ ከሚያልፍ ብልሽት የሚለየው፥ በእያንዳንዱ ምላሽ የሚጀምረው ሰው ሳያርመው ከተወው ቦታ መሆኑ ነው። ስለዚህ ሁለት ነገር በተራቸው ይፈለጋሉ፤ መጀመሪያ የተወሰደውን ሁሉ ማስመለስ፥ ማለት አውራ ጣትን ሳያነሡ መሪው በሁለት ጣት እስኪያዝ ድረስ መጫን፤ ቀጥሎ ማጥፋትና አለመመለስ። ተራው ከተዛባ ማጥፋቱ ራሱ ክፉውን አቀማመጥ በቦታው ያጸናዋል። ይህን በሰላም ወንበር ላይ ተቀምጦ መጻፍ ቀላል እንደ ሆነ እናውቃለን።

ፍጥነቱን ስለ ምን አልቀነሱም የሚሉ አሉ። የኢትዮጵያ የአደጋ ምርመራ ቢሮ በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ያወጣው የመጨረሻ ሪፖርት ጥፋቱን በኤምካስ ላይ ሲያኖር፥ የአሜሪካና የፈረንሳይ መርማሪዎች የአብራሪዎቹ አያያዝና የሞተሩ ኃይል አለመቀነስ በቂ ቦታ አላገኘም ብለው አስተያየታቸውን ለብቻ አወጡ። የእኛ አስተያየት ይህ ነው፤ ሞተሩ አለመቀነሱ ነገሩን እንዳባሰው ከቁጥሩ ይታያል። ነገር ግን መሪው «ፍጥነትህ አንሷል፥ ልትወድቅ ነው» እያለ ሲንቀጠቀጥበት ሞተሩን የሚቀንስ ሰው ማግኘት እንዴት እንደሚቻል የሚነግረን ብናገኝ ደስ ይለናል። ሐሰተኛው ጠቋሚ ጅራቱን ብቻ አልነበረም የነዳው፤ የሰዎቹንም ሐሳብ ነበር።

የጠቋሚውም መበላሸት ምክንያት አላስማማም። የአሜሪካ መርማሪዎች ወፍ መትቶት ተሰብሮ ይሆናል ይላሉ፤ የኢትዮጵያው ሪፖርት የኤሌክትሪክ ጉድለት ነው ይላል። ወፍ አይሮፕላን ይጥላልን ለሚል፥ የባሕር ዳር ሰዎች መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. የሆነውን አይረሱትም፤ የርግብ መንጋ ሲነሣ በነበረ የአየር መንገዱ 737 ሁለት ሞተሮች ውስጥ ገብቶ ከ104 ሰዎች 35ቱ ሞተዋል። ነገር ግን በ302 ጉዳይ ወፍም ሆነ ሽቦ፥ ከሁለት ጠቋሚዎች የአንዱን ብቻ ቃል ሰምቶ ጅራትን መጣል የሠሪው ሥራ ነው፤ ይህን የትኛውም ወገን አይክደውም።

ከአደጋው በኋላ በጥቂት ቀኖች ውስጥ በዓለም ያሉ የማክስ አይሮፕላኖች ሁሉ ከበረራ ታገዱ። እንደ ገና እንዲበሩ የአሜሪካው ባለሥልጣን የፈቀደው በኅዳር 2013 ዓ.ም. ነው። የተለወጠውም እንዲህ ነው፤ ኤምካስ ከዚያ ወዲህ የሁለቱንም ጠቋሚዎች ቃል ያነጻጽራል፤ ካልተስማሙ አይሠራም። ቢሠራም ለአንድ ምክንያት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ደጋግሞ አይመለስም። የሚያዞረውም አብራሪው መሪውን በመሳብ ብቻ ሊቋቋመው ከሚችለው አያልፍም። የአብራሪዎቹም የሥራ ተራ እንደ ገና ተጻፈ፤ ከማጥፋት በፊት በኤሌክትሪኩ ሚዛን መመለስ የሥራው ተራ ሆኖ ገባ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ማክሶቹን ወደ ሥራ የመለሳቸው ጥር 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ሲሆን ይህንንም ካደረጉት ከመጨረሻዎቹ አንዱ ነበር።

እነዚህን ቁጥሮች ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ ጽፈን ለዚያ ተማሪ ላክንለት። መልስ የጻፈልን ከሁለት ወር በኋላ ማሽላው ሲታጨድ ነው። ወረቀቱን በሻይ ቤቷ በረንዳ ላይ ለሽማግሌው አንብቦላቸው ነበር። 4.6፥ 2.4፥ 2.3 የሚለውን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቅንቀው ዝም አሉ፤ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። «እነዚያ ከባሊ የመጡት ሦስቱ ሰዎች፥ ያዩትን ሁሉ ለምን አልጻፉም?» አሉት። ተማሪው ምን ብሎ ይመልስላቸው ዘንድ እንደሚገባ እኛን ጠይቆናል።